ቫይታሚን ዲ ለሕፃናትና ለታዳጊ ልጆች፦ ደሴና ኮምቦልቻ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ በቦርከና ዳር፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ከሐምሌና ከነሐሴ ደመና በቀር ፀሐይ አይቸግራቸውም። ሕፃኑ ግን ፀሐይዋን ካላገኛት የአገሩ ፀሐይ ብዛት ምንም አይጠቅመውም።

ቫይታሚን ዲ በዋናነት የሚሠራው ቆዳ ላይ ነው። አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ቆዳ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ይለውጠዋል፤ ከዚያ ጉበትና ኩላሊት ለሥራ ያበቁታል። ሥራው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ማድረግ ነው። ሲጎድል አጥንት ይለሰልሳል፤ ይህ ሪኬትስ ይባላል። እርግብግቢት ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርስ ይዘገያል፣ የእጅ አንጓ ያብጣል፣ የጎድን አጥንቶች መጋጠሚያ እንደ መቁጠሪያ ይደረደራል። ልጁ መራመድ ሲጀምር እግሩ ይጎብጣል። በጨቅላዎች ላይ ካልሲየም ሲያንስ የሚጥል መንቀጥቀጥም ሊመጣ ይችላል።

የእናት ጡት ለሕፃን ተወዳዳሪ የለውም። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ግን ይደኸያል፦ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ ብዙውን ጊዜ 25 ዩኒት (የቫይታሚን መጠን መለኪያ) ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ለሕፃን በቀን የሚመከረው 400 ዩኒት ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ 600። የእንቁላል አስኳልና ጉበት ጥቂት ይሰጣሉ። ገንፎና አጥሚት ግን ከዚህ አንጻር ባዶ ናቸው።

በአገራችን ስለ ሪኬትስ በደንብ የተጻፈው ከአዲስ አበባ ነው። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች ሕሙማንን የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ከታማሚዎቹ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 20 ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ከተቀነሱ በኋላም ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የለሰለሰ ደረት አክታን መግፋት ይከብደዋል፤ መከላከያ አቅምም ይዳከማል። እግር መጉበጡን ብቻ ለሚያይ ወላጅ ይህ ትልቅ ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአዳማ አካባቢ ጥናት በተማሪዎች ላይ የተሠራ ነው፤ እጥረቱ በከተማ ልጆች 62 በመቶ፣ በገጠር ልጆች 21 በመቶ ገደማ ነበር። ሜዳ የሚውለው ልጅ ተሻለ።

ደሴ ላይ ዋናው ጠላት ብርዱ ነው፤ ይልቁንም የብርዱ ፍራቻ። አራስ ቤት ይዘጋል። ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን እስኪያስጠምቅ፣ ሙስሊሟም 40 ቀኗን እስክትጨርስ ሕፃኑ ከቤት ብዙ አይወጣም። ሲወጣም በፎጣ፣ በኮፍያና በጋቢ ተጠቅልሎ ነው። ምች ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ያርፍበታል የሚለው ስጋት ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ አለ። በመስኮት በኩል ማሞቅም ይወደዳል፤ መስታወት ግን የሚፈለገውን ጨረር ያስቀራል። የሚገርመው፣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ደሴ ከኮምቦልቻ የበለጠ ታድላለች።

ኮምቦልቻ ላይ ብርድ ሰበብ አይሆንም። እዚያ ያለው ችግር የኑሮ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛዋ እናት ማለዳ ትወጣለች፤ ልጁ ከሞግዚት ጋር በኪራይ ክፍል ውስጥ ይውላል።

ፀሐይ በስንት ሰዓት የሚለው ያከራክራል። የእኛ ሰው የለመደው የማለዳውን ነው፤ ልማዱም መልካም ነው። ግን በ1 ሰዓት ፀሐይ ሞቅ ብታደርግም ጨረሯ ደካማ ነው። ቀላሉ መለኪያ ጥላ ነው፦ የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር ጨረሩ በቂ ሆኗል፣ ያም ወደ 3 ሰዓት ተኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሲንሲናቲ ውስጥ ነጭ ሕፃናት ላይ በተሠራ ጥናት፣ ዳይፐር ብቻ ለለበሰ ሕፃን በሳምንት 30 ደቂቃ በቂ መስሎ ታይቷል። ጠቆር ላለ ቆዳ ግን ከዚያ ይረዝማል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ቀጥታ ፀሐይ አይንካው ይልና የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው ጊዜው ደርሶ ተወልዶ ጡት ለሚጠባ ሕፃን ጠብታ የሚመክረው በጥናት ማዕቀፍ ውስጥ ብቻ ነው። ጨረሩ ለሚበረታባት ደሴ የሁለቱም ምክር ሙሉ በሙሉ ይስማማል ማለት ይከብዳል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር፤ ዛሬ እንደ ቀድሞው ሕፃናትን ያክማል። ለምክር ግን እስከ ሆስፒታል መሄድ አያስፈልግም። እናት በ45ኛው ቀን፣ ከዚያም በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም በ9ኛው ወር ለክትባት ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። በ6ኛው ወር ሕፃኑ አፍ ላይ የምትጨመቀውን ካፕሱል ብዙዎች ከቫይታሚን ዲ ጋር ያምታቷታል። እሷ ቫይታሚን ኤ ናት፤ ለአጥንት አትሆንም።

ከፋርማሲ ጠብታ የሚገዛ ሰው ጠርሙሱን አንብቦ ይጠቀም። አንዳንዱ 400 ዩኒት በአንድ ጠብታ፣ ሌላው በአንድ ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከ6 ወር በታች በቀን 1,000፣ ከ6 እስከ 12 ወር 1,500 ዩኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይታለፍም፤ ሲበዛ ካልሲየም በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ኩላሊትን ይጎዳል።