የከባድ የአደንዛዥ ዕፅ ቅጣቶች ውጤታማነት

አደንዛዥ ዕፅ በሸጠ ወይም ይዞ በተገኘ ሰው ላይ ዳኛ ሊቀንሰው የማይችለው ዝቅተኛ የእስራት ዘመን የሚደነግጉ ሕጎች በስፋት የተፈተሹት በአሜሪካ ነው። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1956 እንዲህ ያሉ ቅጣቶችን ደነገገ፣ በ1970 አብዛኞቹን ሻረ፣ በ1986 ደግሞ መልሶ አመጣቸው።

ለግምገማ የሚመቸው የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ ነው። በገዥው ኔልሰን ሮክፌለር ግፊት በ1973 የወጣው ይህ ሕግ አንድ አውንስ (28 ግራም ገደማ) ሄሮይን ለሸጠ ሰው ከ15 ዓመት የማያንስ፣ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ እስራት ይደነግግ ነበር። የኒው ዮርክ ከተማ ጠበቆች ማኅበር የተሳተፈበት ጥናት በ1977 ሲወጣ ግን፣ 32 ሚሊዮን ዶላር ከፈሰሰ በኋላም የሄሮይን ተጠቃሚነት እንደቀድሞው ተስፋፍቶ መገኘቱን አሳየ። በክስ ድርድር ቅጣት ማስቀነስ የተከለከለባቸው ተከሳሾች ሙሉ ክርክር መረጡ፤ መዝገብም ተጠራቀመ። ወንጀለኛን ይበልጥ የሚያስፈራው የቅጣቱ ርዝመት ሳይሆን መያዙ አይቀሬ መሆኑ ነው የሚለው የወንጀል ጥናት ግኝት እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል፦ ሕጉ ቅጣቱን ሲያከብድ ፍርዱን አዘገየው።

የእስረኛ ብዛት የሕጉን ስኬት አይለካም፤ የሚናገረው ፖሊስ ምን ያህል እንደሠራ ነው። የተሻለው መለኪያ ዋጋ ነው። ቅጣቱ ነጋዴውን ካስፈራው፣ ለሚሸከመው አደጋ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚጠይቅ ዕፁ መወደድ አለበት። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዕፅ ወንጀል የታሰሩት ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲያድግ፣ የኮኬይንና የሄሮይን ዋጋ ግን በእጅጉ ወረደ። ሰፈር ውስጥ የሚቸረችር ወጣት ሲታሰር ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ገዢው እስካለ ድረስ ሌላው ይተካዋል። በዚህ ረገድ ዕፅ መሸጥ ከስርቆት ይለያል፤ የታሰረ ሌባ ቢያንስ እስር ቤት እስካለ ድረስ ቤት አይሰብርም።

ፒው ቻሪተብል ትረስትስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2018 ግዛቶችን ሲያነጻጽር፣ በዕፅ ወንጀል ብዙ ሰው በማሰርና በተጠቃሚነት ወይም በዕፅ ሳቢያ በሚደርስ ሞት መካከል ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያለው ግንኙነት አላገኘም።

የሕጎቹ ደጋፊዎች፣ በተለይ ዐቃቤያነ ሕግ፣ ሌላ ጥቅም ያነሳሉ፤ ረጅም እስራት የተጋረጠበት ተከሳሽ አለቆቹን አሳልፎ ይሰጣል። ክርክሩ ውሃ ያነሳል፤ ነገር ግን አለቃውን የማያውቀው ተራ ተሸካሚ የሚሰጠው መረጃ ስለሌለው ሙሉውን ቅጣት ይቀበላል።

መጠንን መሠረት ያደረገ ቅጣትም የራሱን መዛባት ፈጥሯል። በ1986ቱ ሕግ 5 ግራም ክራክ (የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት) የያዘ ሻጭ 500 ግራም የዱቄት ኮኬይን ከያዘው ጋር እኩል፣ ቢያንስ 5 ዓመት ይታሰር ነበር፤ ሁለቱ በመሠረቱ አንድ ዕፅ ናቸው። ኮንግረሱ በ2010 ልዩነቱን ከ100 እጥፍ ወደ 18 እጥፍ አወረደው። ለውጡ ግን ቀድመው የተፈረደባቸውን የሚነካው በ2018 በወጣ ሌላ ሕግ ሆነ።