የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሕጎችና የጅማ ጠጋኞች

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የስልክም የኮምፒውተርም ፋብሪካ ከተማ አይደለችም። ሆኖም የዓለምን አምራቾች የሚያዙት ሕጎች እዚህም ይደርሳሉ፤ ቀድመው የሚያርፉትም ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው የአውሮፓ ኅብረት ነው። ከሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርሳስ፣ ሜርኩሪና ካድሚየምን ጨምሮ 6 ንጥረ ነገሮች በአዳዲስ ዕቃዎች ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይገኙ ተከለከለ። ለአውሮፓ አንድ ዓይነት፣ ለሌላው ዓለም ሌላ ዓይነት ቦርድ ማምረት ለትልልቆቹ ፋብሪካዎች አያዋጣም። ስለዚህ ሊዱ፣ ማለትም የዕቃውን ክፍሎች ከቦርዱ ጋር ለመበየድ የሚቀልጠው ብረት፣ ለሁሉም ተቀየረ። የድሮው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጥ ነበር። በብዛት የተተካው የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ቅይጥ ግን 217 ገደማ ይፈልጋል። በጅማው ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የቻርጀር መሰኪያ የሚቀይር ልጅ ካውያውን ከፍ አድርጎ ማሞቅ አለበት። ትንሽ ካበዛው ደግሞ የቦርዱ መስመር ተላቆ ይነሳል። ይህን ሚዛን መጠበቅ ትልቅ ሙያ ነው።

በአገራችን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቀድሞ ወጣ። ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ብቻ የሚደነግገው ደንብ ቁጥር 425/2010 ተከተለ። ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠረው የባዝል ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናት። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስምምነቱ መሠረት ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ያገለገለ ኮምፒውተር ዕቃ ነው ወይስ ቆሻሻ የሚለው ያከራክራል። ተጠግኖ የሚሠራ ከሆነ ግን ቆሻሻ ሊባል አይገባም።

ጅማ ውስጥ ቆራሌው ብረቱንና መዳቡን ይሰበስባል። ያበጠ ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከቤት ቆሻሻ ጋር ይጣላል። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ መዝገብ ላይ ያለ ዕቃ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይወገድም፤ አሮጌ ኮምፒውተር ስቶር ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂም የአካባቢ ጤናም ባለሙያዎችን ያፈራል። ቦርዱንም መርዙንም የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ተቋም መገኘታቸው ለከተማዋ ትልቅ ሀብት ነው።

ቀጣዩ ለውጥ በባትሪ በኩል ይመጣል። ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ የሚሸጡ የአብዛኞቹ ዕቃዎች ባትሪ በተጠቃሚው በቀላሉ የሚወጣ መሆን አለበት። አምራቾቹ እንደ ሊዱ ይህንንም ለሁሉም ገበያ ካደረጉት፣ የጅማ ጠጋኝ ባትሪ ለመቀየር የስልክ ጀርባ በብሎወር ማሞቁ ይቀርለታል።