መሠረታዊ ፍላጎቶችን ለሕፃናት ማስተማር

«የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች ስንት ናቸው?» «ሦስት!» «ምን ምን?» «ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ!»

ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይቺን ጥያቄና መልስ አይረሳትም። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይጮሃታል። ትምህርቱ በመዋዕለ ሕፃናት ወይም በኦ ክፍል ይጀመርና በአንደኛ ደረጃ በአካባቢ ሳይንስ ይቀጥላል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት ስላደረገው፣ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጊዜ አለ።

ሦስቱ ነገሮች ያለ ምክንያት አልተመረጡም። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ኢትዮጵያም በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ አንቀጽ 27 ላይ እነዚሁኑ ይጠራል፦ ምግብ፣ ልብስ፣ መኖሪያ ቤት። ግን ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው። ውሃ የለበትም፣ አየርም የለበትም። አማርኛችን ራሱ «እህል ውሃ» ሲል ምግብን ያለ ውሃ አይጠራም። እንቅልፍም የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ይመክራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎው በ1943 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የሰውነትን ፍላጎቶች አስቀድሞ፣ ደኅንነትን አስከትሎ፣ ከዚያ ፍቅርን አስቀምጧል። ስለዚህ አንድ የአራት ዓመት ልጅ «ምን ያስፈልግሃል?» ተብሎ «እናቴ» ብሎ ቢመልስ «ተሳስተሃል» ሊባል አይገባም። ትክክል ነው።

ከባዱ ነገር ቃሉ ነው። «ፍላጎት» የመጣው «ፈለገ» ከሚለው ግሥ ነው። ውሃ የጠማው ልጅ ፍላጎት አለው፤ ከረሜላ ያማረውም ፍላጎት አለው። «መሠረታዊ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ሕፃን ከየት ያውቃታል? መውጫው እዚያው ግሡ ውስጥ አለ፦ «እፈልጋለሁ» እና «ያስፈልገኛል»። ኳስ እፈልጋለሁ፤ ውሃ ያስፈልገኛል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ባላገኘው ምን እሆናለሁ?» ኳሱን ባጣ አዝናለሁ። ውሃውን ባጣ እታመማለሁ።

እዚህ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ክርክር ይጀምራሉ። ቴሌቪዥንስ? ጫማስ? ጫማ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዓመታትን በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። ስለዚህ ለገበሬ ልጅ ጫማ ጌጥ አይደለም፣ ያስፈልገዋል። ይህን በልጅ ቋንቋ ማስረዳት ከሦስቱ ቃላት ሽምደዳ እጅግ ይሻላል።

ልጆች ደግሞ ትምህርቱን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። እቃቃ ሲጫወቱ ልብ ብላችሁ እዩ። ድንጋይ ደርድረው ቤት ይሠራሉ፤ በር የሚሆን ክፍተት ይተዋሉ። ቅጠሉ እንጀራ፣ ጭቃው ወጥ፣ የቆርኪ ክዳኗ ድስት ናት። ከእራፊ ጨርቅ የተሠራችው ልጅ ትታዘላለች፣ ትጠባለች፣ «እሹሩሩ» ተብላ ትተኛለች። ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ፣ እንቅልፍ፣ ፍቅር፤ አንዱም አልቀረም። ከሥዕል ካርድ በፊት እቃቃውን ክፍል ውስጥ ማስገባት ይቀድማል ባይ ነኝ።

«መጠለያ» ሲባልም የብሎኬት ቤት ሥዕል ብቻ ማሳየት ያሳዝነኛል። ዶርዜዎች ከቀርከሃ ረጅም ቤት ይሠራሉ፤ ፊቱ ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣልና ቤቱ እያጠረ ይኖራል። የአፋር አርብቶ አደሮች ቤት ከእንጨትና ከሰሌን ይሠራል። የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ሲንቀሳቀሱም ነቅለው ግመል ላይ ይጭኑታል። ፍላጎቱ አንድ ነው፣ መልሱ ብዙ ነው። ምግብም እንደዚያው፦ እዚህ ጤፍ፣ እዚያ ከእንሰት የሚሠራ ቆጮ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «ዛሬ ቁርስ ምን በላችሁ?» የምትለው ጥያቄ የዋህ ትመስላለች። ለአንዳንድ ልጅ ግን ከባድ ናት። አንዱ «እንቁላል» ይላል፣ ሌላዋ «ፍርፍር»። ምንም ሳይበላ የመጣው ልጅ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ እሱም «እንቁላል» ይላል። በዚያች ቅጽበት የተማረው ማፈርን ነው። ስለ ቤታቸው፣ ስለ ልብሳቸው መጠየቅም እንዲሁ ነው። የጎደለበትን ልጅ በጓደኞቹ ፊት መቁጠር ይሆናል።

ጥያቄውን ወደ አሻንጉሊቷ ማዞር ይቻላል። «እሷ ርቧታል፤ ምን እንስጣት?» ሲባል ያልበላው ልጅም ይናገራል፣ ያበስልላታል፣ ያጎርሳታል። አስተማሪዋ ከሚለው ነገር ሁኔታውን ትረዳለች፤ ቀስ ብላ፣ ለብቻ፣ ወላጅ ታነጋግራለች። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ስላላቸው ልጆቹ እዚያው ቁርስና ምሳ ይበላሉ። እዚያ ትምህርቱ ከገበታው ይጀምራል፦ እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ተራ መጠበቅ፣ ቀጥሎም «ውሃ የጠማው ማነው?»