532፦ ዐቢይ ቀመር በጎጃም የአብነት ትምህርት

532 በሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም ስሙ የማይነሳ ሙሉ ቁጥር ነው። ጎጃም ውስጥ ግን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመንና የበዓላት ስሌት፣ የቀጸለ ሁሉ ያውቀዋል። በግእዝ ፭፻፴፪ ተብሎ ይጻፋል፤ ስሙም ዐቢይ ቀመር ነው፤ የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር አብረው የሚዞሩበት የዓመታት ዙር ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ስሌቱን የደረሰው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው።

ቁጥሩ 19 ጊዜ 28 ነው። 28 የፀሐይ ነው። አራት ዓመት 1,461 ቀን አለው፤ በሰባት ሲገደፍ 5 ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 1 ዕለቱንም ወንጌላዊውንም ይዞ የሚመለሰው አራቱ ወንጌላውያን ሰባት ጊዜ ሲዞሩ ነው። 19 ደግሞ የጨረቃ ነው። በ19 ዓመት ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣባቸው ሁለት ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕም፣ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሁለቱ ዐውዶች (ዙሮች) አብረው የሚዘጉት በ532 ዓመት አንዴ ብቻ ነው። በመካከል 76 (19 ጊዜ 4) አለ፤ ማኅተም ይባላል። 76 ዓመት 27,759 ቀን ነው። 532 ዓመት ደግሞ ልክ 27,759 ሳምንት ነው፤ አንድም ቀን አይተርፍም።

ለምሳሌ 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5,500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን፣ 7,518 ይሆናል። በ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። ዓመቱ የዐሥራ አምስተኛው ቀመር 70ኛ ዓመት ነው ማለት ነው። ይህ ቀመር በ1949 ገባ፤ በ2480 ያልቃል። የ2018 ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው። ከ532 ዓመት በፊት፣ በ1486፣ በአፄ እስክንድር ዘመንም ሚያዝያ 4 ነበር።

ቀመሩን ከዓመተ ሰማዕታት (ከሮማው ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ከሚቆጠረው ዘመን) የሚጀምሩ የጥንት ጽሑፎችም አሉ። በእነሱ አቆጣጠር አዲስ ቀመር የገባው በ277፣ በ809፣ በ1341 እና በ1873 ነው። የትኛው መነሻ ይቅደም የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ከሰማዕታት ዘመን በፊት ያለፈው 5,776 ዓመት ግን 76 ጊዜ 76 መሆኑ ሁለቱን መነሻዎች ያቀራርባቸዋል።

በንጹሕ ሒሳብ ዓይን 532 ዐሥራ ሁለት አካፋዮች አሉት። ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 588 ይሆናሉ፤ ከቁጥሩ ይበልጣሉ። ከእነሱ አንዱን መደመሩን ትተን ብንቀንሰው ግን ውጤቱ ልክ 532 ይመጣል። ያ አካፋይ 28 ነው፤ የፀሐይ ዐውድ ራሱ! 28 ደግሞ ፍጹም ቁጥር ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ይሆናሉ። በተጨማሪም 532 ከባለ አምስት ጎን ቁጥሮች 19ኛው ነው። የጨረቃ ቁጥርም እዚህ ብቅ ይላል።

ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ስማቸው የሚጠራው በቅኔ ነው። ያም ይገባቸዋል። ሐሳበ ዘመኑ ግን ከቅኔው አያንስም። ተማሪው የሚይዘው በቃሉ ነው። የኔታ ዓመት ይጠራሉ፤ ተማሪው ወንጌላዊውን፣ ወንበሩን (ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዙር ያለውን ቦታ የሚያሳየውን ቁጥር)፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑንና የነነዌን መግቢያ ያወጣል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት ውስጥ ይመላለሳል፤ ተራውን ጨርሶ እንደገና የሚጀምረው በ532ኛው ዓመት ማግስት ነው።