የክፉ ቀን ስንቅ፦ ጎተራ፣ ገበያና ጎረቤት

«ክፉ ቀን» በአማርኛ ማንኛውም የመከራ ጊዜ ነው። በታሪክ ግን አንድ የታወቀ ዘመን አለ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩን ያራቆተው ታላቁ ርሃብ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ በላዩ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ምኒልክ ዶማ ይዘው መሬት እየቆፈሩ ለሰዉ አርአያ መሆናቸው እስከ ዛሬ ይተረካል። ያ ዘመን ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሚሆነው ደራሽ የጠፋበት ጊዜ ስለነበረ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ደጋ ከቆላ የሚለዋወጠው ነገር በአንድ ጊዜ አለቀ።

በኢትዮጵያ ገጠር አንድ ቤተሰብ ለችግር ቀን የሚያስቀምጠው በጎተራው ብቻ አይደለም። ገበያም ያስቀምጣል፣ ጎረቤቱም ዘንድ ያስቀምጣል። ጎተራው ባዶ ሲሆን ፍየሏን ገበያ አውጥቶ በእህል ይለውጣል፤ ፍየሏ ስታልቅ እሱ ቀደም ሲል የረዳው ጎረቤት ይደርስለታል። የአንዱ ጉድለት በሌላው የሚሞላው ግን ችግሩ ሁሉንም እኩል ካልመታ ነው።

ጎተራ፣ ጎታና ጉድጓድ

ጎተራ ከቤት ውጭ የሚቆም የእህል ቤት ነው። ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ ተጠልፎ በጭቃ፣ በጭድና በእበት ይለሰናል፤ እርጥበት፣ ምስጥና አይጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በባላ ላይ ይቀመጣል፤ አናቱ ሳር ይከደናል። ጎታ ደግሞ የቤት ውስጥ ነው። ሴቶች ጭቃና ጭድ አቡክተው ዙሪያውን አንድ እርከን ይሠራሉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ሌላ እርከን ይደርቡበታል። ከግርጌው ቀዳዳ የሚተውለት ጎታ አለ፤ በእራፊ ወይም በጭቃ ይደፈናል። እህሉ ከላይ ገብቶ ከታች ስለሚወጣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይበላል። ዛሬ የመጋዘን ባለሙያዎች በሥልጠና የሚያስተምሩትን ይህን ደንብ የጎታ ሠሪዎቹ እናቶች ሳይጽፉት ይሠሩበት ነበር።

በሐረርጌ ማሽላ የሚቀመጠው በጉድጓድ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ እንደ እንስራ ይቆፈርና እህሉ ከሞላ በኋላ አፉ በአፈር ይደፈናል። ታፍኖ የተቀመጠው እህል በውስጡ ያለውን አየር ስለሚጨርሰው ነቀዙ ይሞታል። ግድግዳውን የነካው እህል በእርጥበት ሊበላሽ ይችላል፤ የመካከሉ ግን ይቆያል። አደጋም አለው። ጉድጓዱ እንደተከፈተ የገባ ሰው ታፍኖ ሊሞት ስለሚችል አየር እስኪገባው መጠበቅ ግድ ነው። ሌላም ጥቅም ነበረው። ጦር በሚያልፍበት አገር ከመሬት በታች ያለ እህል እንደ ጎተራ ከሩቅ አይታይም።

ጤፍ በዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ቅንጣቱ ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ለዓመታትም ይቆያል። በቆሎና ማሽላ ግን ቶሎ ይነቅዛሉ። ለዘር የተመረጠው ዛላ ወይም ራስ ከምድጃ በላይ ጣሪያው ሥር የሚሰቀለው ለዚህ ነው፤ ጭሱ ነቀዝ ያርቃል፣ ሙቀቱ ያደርቃል።

ሳይበስል የሚበላ

በአደጋ ጊዜ እህል መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ እንጨት፣ ውሃና ጊዜም ያስፈልጋሉ። የአገራችን ስንቅ ይህን ያውቃል። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም በጥቂት ውሃ ታሽቶ ይበላል፤ እሳት አይጠይቅም። በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ቅቤው ጥጋብ ይሰጣል፣ መቆያም ነው። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ በገመድ ይሰቀልና ቋንጣ ይወጣዋል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ደግሞ ኪስ ውስጥ የሚያዝ ምግብ ነው።

የጥንቱ ሠራዊት የተንቀሳቀሰው በዚህ ነው። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይነሳ ነበር፤ በበሶና በቆሎ ጀርባ ሚስቱ፣ እናቱ፣ እህቱ ሳምንታት ሙሉ የቆሉትና የፈጩት ድካም አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር፤ ቀለብ ፍለጋ የወጣም ብዙ ነበር። ስለ አድዋ ስናወራ ጎራዴና መድፉን እንጂ ወፍጮውን አናነሳም፤ ይህን እንደ ጉድለት አያለሁ።

በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ስንቁ ከነሥሩ የቆመ ተክል ነው። እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ ነገር ግን የመከር ወር አይጠብቅም፣ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይፍቀዋል። በጉራጌ ቆጮው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ሲቆይም ይበልጥ ይወደዳል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በእንሰት ይኖራል። አንድ ዓመት ዝናብ ቢቀር እህል አብቃዩ አገር ሲራብ እንሰት ያለው አገር የሚጠግብበት ምክንያት ይኸው ነው፤ በ4 ዓመት ተክል ላይ የአንድ ክረምት ጉድለት አይጎላም። ጠላቱ የሚያጠወልገው በሽታ ነው፤ አንዱ ጓሮ ከታመመ ቢላዋው ራሱ በሽታውን ወደ ሌላው ጓሮ ያደርሳል።

ዕቃ በዕቃ

በወሎ ደጋና በአፋር ቆላ መካከል ያለችው ባቲ የሰኞ ገበያዋ ታዋቂ ነው። አፋሩ ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤና ጨው ይዞ ይወጣል፤ ከደጋ የሚወርደው ጤፍ፣ ማሽላና በርበሬ ያመጣል። ሁለቱም የሌላው ያስፈልጋቸዋል፣ ሁለቱም በአንድ ወር አይቸገሩም። የልውውጥ ሁሉ ሥር ይኸው የተለያየ አየር ነው።

መለኪያው ጣሳና ቁና ነው። በገበያ ክርክር የሚነሳው ስለ መለኪያው ሳይሆን ስለ አሞላሉ ነው፤ ጫፉ ተጠርጎ ይሰፈር ወይስ ተቆልሎ? አበዳሪ ጠርጎ ሰፍሮ ቆልሎ ከተቀበለ አገር ያወራበታል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የተባለው ዛሬ ለሥነ ምግባር ተግሣጽ ይነገር እንጂ መነሻው እውነተኛ ቁናና እውነተኛ እህል ነው። አንጥረኛውም በብዙ ቦታ ማረሻና ዶማ ዓመቱን ሙሉ ሲጠግን ከርሞ ዋጋውን በመከር ጊዜ በእህል ይቀበላል።

በጥንት ዘመን ደግሞ ያለ ቃል የሚደረግ ልውውጥ ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን የአክሱም ወደብ የነበረችውን አዱሊስን ያየ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ እንደጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው አገር ገዥ በኩል የሚልካቸው ነጋዴዎች ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ ይሄዱ ነበር። እንደደረሱ እሾህ ቆርጠው አጥር ያጥራሉ፣ በሬ አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረት ጋር በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ይመጡና በፈለጉት ዕቃ ላይ የወርቅ ፍሬ አስቀምጠው ወደ ዳር ይላሉ። ባለዕቃው ከተስማማ ወርቁን ይወስዳል፣ እነሱም ዕቃውን። ካልተስማማ ሳይነካው ይመለሳል፤ ባለወርቁ ወይ ይጨምራል ወይ አንስቶ ይሄዳል። ቋንቋ ለማይግባቡ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መተማመኛ አይገኝም።

ጨው በኋላ ገንዘብ ሆነ። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ቆላ ላይ ርካሽ የሆነው ጨው ደቡብ ሲደርስ ውድ ነው። ማርትሬዛ ብር ከመጣ በኋላም አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ድረስ ዝርዝር ሆኖ አገልግሏል። በችግር ቀን ከብር የሚበልጥበት ነገር ነበረው፤ ገበያ ቢዘጋ ይበላል።

ጎረቤት

በወንፈል ዛሬ አንተ ማሳ ላይ የዋልኩት ቀን ነገ እኔ ማሳ ላይ ይመለሳል፤ ቀኑ በቀን ይቆጠራል። ደቦ እንደዚያ አይቆጠርም፣ የጠራው ሰው አብልቶ አጠጥቶ ያሠራል። መቀናጆ የሁለት ድሆች ብልሃት ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው ተራ በተራ ያርሳሉ። በርቢ ደግሞ ላም ያለው ለሌለው ይሰጥና አርቢው ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃው እንደ ስምምነታቸው ይካፈላል። ርቢ ከላሟ ባለቤትም በኩል ዝግጅት ነው፤ ከብቱ በተለያየ ቀበሌ ከተበተነ በሽታ በአንድ ሌሊት አይጨርሰውም።

በከተማ እድርና እቁብ ይታወቃሉ። እድር ሞት ሲመጣ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ይዞ ይደርሳል፤ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም አስከሬን ወደ አገር ለመላክ እስከ ዛሬ በእድር ይደጋገፋሉ። በኦሮሞ ዘንድ ቡሳ ጎኖፋ አለ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሣው ከብት ተሰብስቦለት እንደገና አርቢ ይሆናል። በአፋር መንገደኛ ሲገናኝ ከሰላምታ ጋር የሚለዋወጠው ዳጉም ከዚህ ይቆጠራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ በሽታ የት ገባ፣ ሁሉም ተራ በተራ ይጠየቃል። ወሬ የሚለዋወጥ አርብቶ አደር ከብቱን አስቀድሞ ያንቀሳቅሳል።

ልውውጡ ሲከዳ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በአገሪቱ እህል ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ሰዉ ግን የሚገዛበት አልነበረውም። ማሳው አልሰጠም፣ ከብቱ ከስቷል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ለመሸጥ ሲያወጣው ደግሞ ዋጋው ወደቀ። ትናንት በአንድ በሬ የሚለወጠው እህል ዛሬ ሁለትና ሦስት በሬ ይጠይቃል። ከወሎ እንኳ ወደ ሌላ ቦታ እህል የወጣው ገዥ ያለው እዚያ ስለነበረ ነው። አርብቶ አደሩ አፋር ከሁሉ በላይ ተጎዳ፤ ኑሮው በሙሉ ከብትን በእህል በመለወጥ ላይ የቆመ ነበርና። ስለዚህ ለድርቅ ማስጠንቀቂያ ዝናብ መለካት ብቻ ሳይሆን የፍየልና የእህልን ዋጋ ጎን ለጎን መከታተልም የተለመደ ሆነ። ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ምልክት ይኸኛው ነው፤ ፍየል በብዛት ወጥታ ዋጋዋ ሲወርድ፣ በዚያው ሳምንት ጣሳ እህል ሲወደድ።

ባንክ ሲዘጋም ልክ እንደዚያው ነው። በትግራይ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ ሥራ አቁሞ ደመወዝና ቁጠባ በማይወጣበት ጊዜ ቤተሰቦች ከዘመድና ከጎረቤት በመካፈል ቆይተዋል። ከተሜው በባንክ ያስቀመጠው ሳይሆን በጣሳ ያስቀመጠው ጠቀመው።

ዘሩ

ሁሉ ካለፈ በኋላ ገበሬው ለመነሳት ዘር ያስፈልገዋል፤ ርሃብ ደግሞ ዘሩን ያስበላል። በ1977ቱ ርሃብ ብዙ ቤተሰብ ከመሰደዱ በፊት የመጨረሻውን ዘር ፈጭቶ በልቷል። የእርዳታ ዘር ቢመጣም ለዚያ አፈርና ለዚያ ከፍታ የተመረጠ አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዝርዕት ዘር ማዕከል ከየአውራጃው የሰበሰበው ዝርያ ያኔ ዋጋው ታየ፤ ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ለዚህ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚያ የተገኘ አንድ አሠራር ዛሬም በምሥራቅ ሸዋ፣ ኤጀሬ ይታያል። የአካባቢው ገበሬዎች የጋራ የዘር ቤት አላቸው። የቸገረው ገበሬ በዘር ወቅት ይመጣና የአገሩን ስንዴ ወይም ሽምብራ ዘር ተሰፍሮለት ይወስዳል። ገንዘብ አይከፍልም። መከር ሲገባ የወሰደውን ከጥቂት ጭማሪ ጋር መልሶ ያስገባል፣ ጭማሪው ለሚቀጥለው ተበዳሪ ይሆናል።