የ«ካራቫን» አመጣጥና የኋላ ቅጂዎቹ

«ካራቫን» በስዊንግ ዘመን፣ ማለትም ትልልቅ የጃዝ የዳንስ ባንዶች በገነኑበት ጊዜ፣ ከተደረሱት የመሣሪያ ሙዚቃዎች መካከል እስካሁን በጃዝ መድረኮች ላይ በብዛት ከሚሰሙት አንዱ ነው። ስሙ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የተጫወተው አሜሪካዊው ፒያኒስትና የባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ቢሆንም፣ የዜማው ዋና ባለቤት በባንዱ ውስጥ ባለ ቫልቭ ትሮምቦን (የናስ የትንፋሽ መሣሪያ) ይጫወት የነበረው የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ህዋን ቲዞል ነው። ቲዞል በ1920 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1929 የኤሊንግተንን ባንድ ተቀላቀለ። ራሱ እንደተናገረው፣ የዜማውን መብት ለአሳታሚው ኢርቪንግ ሚልስ በ25 ዶላር ሸጦ ነበር፤ ሥራው ዝና ካገኘ በኋላ ግን ከገቢው ድርሻ እንዲሰጠው ተደርጓል።

መጀመሪያ የተቀረጸው በታኅሣሥ 1936 በሆሊውድ፣ በክላሪኔት ተጫዋቹ ባርኒ ቢጋርድ ስም በተሰየመ አነስተኛ ቡድን ሲሆን፣ ፒያኖውን የያዘው ኤሊንግተን ነበር። ሙሉው ኦርኬስትራ በግንቦት 1937 ደግሞ ቀረጸው።

የሙዚቃው ኃይል ያለው በአወቃቀሩ ነው። እያንዳንዳቸው 16 ሚዠር (እኩል የምት ክፍልፋይ) የያዙ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ዋናው ዜማ 12 ሚዠር ሙሉ በአንድ ውጥረት ባለው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ላይ ተንጠልጥሎ በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተተ ይቆይና፣ በመጨረሻዎቹ አራት ሚዠሮች ብቻ ኤፍ ማይነር በተባለው መነሻ ኮርዱ ላይ ያርፋል። በሦስተኛው ክፍል ኮርዶቹ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ፤ ምቱም ወደ ግልጽ ስዊንግ ይዞራል። አንድ ኮርድ ይህን ያህል መቆየቱ ለብቸኛ ተጫዋች፣ በተለይም ለድራመር፣ ሰፊ ሜዳ ይሰጣል፤ የኋላ ቅጂዎቹ እርስ በርስ እጅግ የተለያዩት፣ በእኔ ግምት፣ ስለዚህ ነው።

ጥሩምባ ነፊው ዲዚ ጊሌስፒ በ1951፣ ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ በ1955 ቀረጹት። ሚልስ የጻፈለትን ግጥም ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1957 ዘፈነችው። ቬንቸርስ የተባለው የጊታር ቡድን በ1960 ወደ ሮክ ወሰደው፤ ድራመሩ አርት ብሌኪ በ1962 በድራም ከፍቶ ከጥሩምባ ነፊው ፍሬዲ ሃባርድና ከሳክስፎን ተጫዋቹ ዌይን ሾርተር ጋር ያቀረበው ቅጂ የአልበሙ መጠሪያም ሆነ። በ2014 የወጣው «ዊፕላሽ» ፊልም መደምደሚያም ረጅም የድራም ብቸኛ ጨዋታ ያለበት «ካራቫን» ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ ሊሰማ የሚገባው ግን ኤሊንግተን ራሱ በ1962 ከባስ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስና ከድራመሩ ማክስ ሮች ጋር በሦስት መሣሪያ ብቻ የቀረጸው ነው። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው ፒያኒስት፣ በኦርኬስትራው ድምፅ የሚታወቀውን ዜማ በጥቂትና በጠንካራ ምቶች ይጫወተዋል፤ በዕድሜ የሚያንሱት ሁለቱ አጃቢዎቹም እየተገዳደሩት ይከተሉታል።