ከተሰፋ ልብስ ልክ ማውጣት ምንድን ነው?

የምትወዱት ሸሚዝ አለ እንበል። ክርኑ ሳስቷል፣ ኮሌታው ተበልቷል፤ ግን ትከሻ ላይ እንደሱ ልክክ የሚል ሌላ አልተገኘም። ወይም ተሰቅሎ ያያችሁት ቀሚስ አቆራረጡ ልብ ሰርቆ ጨርቁ አልጣማችሁም። መስፋት የለመደ ሰው በዚህ ጊዜ እጁን ይበላዋል። የሚያስፈልገው ታዲያ ከተሰፋ ልብስ ልክ ማውጣት ነው፦ ያለቀለትን ልብስ በሐሳብ ወደ ቁርጥራጮቹ መልሶ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ማስፈር። ያ ወረቀት ፓተርን ይባላል።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ልብስ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ጠፍጣፋ ስለሚመስል ነው። አይደለም። ጨርቅ የገላን ቅርጽ የሚይዘው ጠርዙ ጎበጥ ጎደጎድ ተደርጎ ሲቆረጥ፣ ወይም ትርፉ ተቆንጥጦ፣ ተሸብሽቦ ሲሰፋ ነው። ሸሚዙን ወረቀት ላይ አንጥፎ ዙሪያውን በእርሳስ የዞረ ሰው ያገኘው የሸሚዙን ጥላ ነው። በዚያ ልክ ቢሰፋ አይገባውም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ልብሱን በስፌቱ ላይ መፍታት ነው። ያረጀና የማይለበስ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ቁርጥራጩ ተተኩሶ ወረቀት ላይ ይነጠፋል፣ ዙሪያው ይሣላል፣ አለቀ። ስትፈቱት የትኛው ስፌት ከየትኛው ቀድሞ እንደተሰፋ ስለሚታይ፣ ስትሰፉ ቅደም ተከተሉን ለማወቅ አትቸገሩም።

ሁለተኛው ልብሱን ሳይነኩ በእስፒል ማውጣት ነው። ወረቀቱ ወፍራም ካርቶን ላይ ይነጠፋል፣ ልብሱ ከላይ ይደረጋል፣ ስፌቱን ተከትሎ በየአንድ ሁለት ሳንቲሜትሩ እስፒል እስከ ወረቀቱ ይወጋል። ልብሱ ሲነሣ የቀሩት ቀዳዳዎች በመስመር ይያያዛሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ቁራጭ ብቻ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ የቀረው ልብስ እንደፈለገ ይጨማደድ። ጀርባውን መሐል ለመሐል አጥፎ ግማሹን ብቻ ማውጣት ይበቃል። የተቆነጠጠ ቦታ ካለ፣ ውስጡ የተደበቀውን ጨርቅ ስፋት በሜትር ለክቶ ወረቀቱ ላይ መልሶ መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ከተረሳ ደረቱ ጠብቦ ይቀራል።

ጀማሪን የሚያደክመው እጅጌ ነው። ከትከሻ ጋር የሚገናኘው ጫፉ ጉብታ አለው። ጉብታው ብዙ ጊዜ ከፊት ጎድጎድ፣ ከኋላ ሞላ ይላል፤ ክንድ የሚዘረጋው ወደ ፊት ነዋ። ዙሪያውን ብትለኩት ደግሞ ከሚሰፋበት የብብት ቀዳዳ ጥቂት ሊበልጥ ይችላል። ተሳሳትኩ ብላችሁ እንዳትቆርጡት። ትርፉ ሲሰፋ በትንሽ በትንሹ ተሰብስቦ ለትከሻው ክብ ቦታ ይሰጣል። እኔ መጀመሪያ ሸሚዝ ስቀዳ ሁለቱን እጅጌ የቆረጥኩት ወረቀቱን ሳልገለብጥ ነበር። ሁለት ግራ እጅጌ! ጨርቁ ፊትና ኋላ ስለነበረው አገላብጬ እንኳን ልገላገል አልቻልኩም።

ከቅርጹ እኩል ጨርቁ ይወስናል። የሚሳብ ጨርቅ ከሆነ 10 ሳንቲሜትሩን ይዛችሁ ሳቡት፤ 15 ከደረሰ በግማሽ ይሳባል ማለት ነው። ያንኑ ልክ በማይሳብ ጨርቅ ብትሰፉት ከደረት አያልፍም። የድሩንም አቅጣጫ ወረቀቱ ላይ በቀስት ምልክት አድርጉ። ብዙ ልብስ ድሩ ወደ ታች እንዲወርድ ሆኖ ነው የሚቆረጠው፤ ከድሩ ያፈነገጠ ሱሪ ታጥቦ ሲወጣ እግሩ ላይ ይጠማዘዛል። አዲሱን ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት ማጠብም ግድ ነው፣ በተለይ ጥጥ ይሰበሰባል።

እስፒሉ የሚያሳየው የስፌቱን መስመር እንጂ የጨርቁን ጫፍ አይደለም። ስለዚህ ዙሪያውን የስፌት ትርፍ ይጨመራል። ለቤት የሚሸጡ ፓተርኖች አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሳንቲሜትር ይተዋሉ፣ ፋብሪካዎች ያነሰ። ለታችኛው ቅምቅማት ከዚያ በላይ። እነዚህ የቤት ፓተርኖች በየልኩ ተዘጋጅተው መሸጥ የጀመሩት በ1863 እ.ኤ.አ. ኤቤኔዘር ባተሪክ በተባለ አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከዚያ በፊት ገዢው የመጣለትን አንድ ልክ በራሱ ገላ ማስተካከል ነበረበት።

ታዲያ የሰው ሥራ መቅዳት አይሆንም ወይ? ለራስ መልበሻ ከሆነ እኔ ችግር አይታየኝም። በአሜሪካ ሕግ የልብስ አቆራረጥ በኮፒራይት አይጠበቅም፤ ልብሱ ላይ ያለው ሥዕል ግን ሊጠበቅ እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወስኗል። የድርጅትን ምልክት ለጥፎ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

ደግሞስ ማን እንዳለ ይቀዳል? ወረቀቱ እጅ ከገባ ኮሌታውን ማውለቅ፣ እጅጌውን ማሳጠር፣ ወገቡን አስረዝሞ ቀሚስ ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ ግን በአሮጌ አንሶላ ወይም በአቡጀዲ ሰፍታችሁ ልበሱት፤ የጠበበውንና የሰፋውን ወረቀቱ ላይ አርሙት፣ ጨርቁ ላይ ብቻ ካረማችሁት በሚቀጥለው ስፌት ያው ጥፋት ይመለሳል። ከፊት በቁልፍ የሚከፈተውን ሸሚዝ ደፍናችሁ ልትሰፉት ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ የጭንቅላታችሁን ዙሪያ ለኩ። የአዋቂ ጭንቅላት ብዙ ጊዜ 56 ወይም 57 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፣ የሸሚዝ አንገት ደግሞ 40 ቢሆን ነው።